ስልኬ ሊኑክስ ነው፤ የሚያኖረኝ ግን ኮከብና መሰላል ነው

ቴክኖ፣ ሳምሰንግ ወይም ሬድሚ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ሳታውቁት ሊኑክስ ይዛችኋል። ቀልድ አይደለም። አንድሮይድ ከሥሩ የቆመው ሊኑክስ በሚባል ከርነል ላይ ነው። ይሄን ከርነል ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ ማንም አንብቦ እንዲያሻሽለውም ለዓለም ክፍት አደረገው። ስለዚህ እዚህ ሞጣ ለጓደኞቼ “እኔ ሊኑክስ ስልክ ነው የምጠቀመው” ስላቸው “ታዲያ እኛስ ምን ይዘናል?” ቢሉኝ እውነታቸውን ነው።

ልዩነቱ ከርነሉ ላይ የተሠራው ነገር ነው። ለጎጃም ሰው በሚገባ ምሳሌ ልናገር። ሊኑክስ ጤፉ ነው፤ ማንም ይዘራዋል፣ ማንም ይፈጨዋል። በአብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ምጣዱንም መሶቡንም የያዘው ጉግል ነው። አፕ የምታወርዱት ከእሱ ስቶር ነው፤ አዲስ ስልክ ስትከፍቱ የሚጠይቃችሁ የእሱን አካውንት ነው። “ሊኑክስ ስልክ” የሚባለው ይሄን የጉግል ድርብርብ አውልቆ፣ ላፕቶፕ ላይ እንደሚጫነው ኡቡንቱ ያለ ሥርዓት የሚጭን ስልክ ነው።

እኔ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነው እንጂ ኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም። ስልኩን የዕለት ስልኬ ያደረግኩትም ፕሮግራመር ለመምሰል አይደለም። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ሞጣ የሚኖር ሰው ያለ ጉግል ስልክ ውሎ ማደር ይችላል? ወራት ከሞከርኩት በኋላ መልሴ “ይችላል” ነው። የሚችልበት ምክንያት ግን ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው።

ያልሞተ ስልክ

ስልኩ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የተወልኝ ፒክስል 3ኤ ነው። ጉግል ይሄን ቀፎ እ.ኤ.አ. በ2019 በ399 ዶላር ለገበያ አወጣው፤ በ2022 ደግሞ የደህንነት ማሻሻያ መላኩን አቆመ። ዕቃው ግን ደህና ነው። ስክሪኑ ንጹህ ነው፣ 4 ጊጋ ራም አለው፣ ካሜራው ዛሬም ሠርግ ያነሳል። አካውንቲንግ ክፍል ውስጥ የእርጅና ተቀናሽ የሚባል ነገር ተምረናል፤ ማሽን በአገልግሎት ብዛት ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። ይሄ ስልክ ግን በአገልግሎት አላረጀም። ያረጀው ሌላ አገር ያለ ቢሮ ውስጥ በተወሰነ ቀን ነው።

ይሄ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ፓይንፎን የሚባለው፣ ለሊኑክስ ብቻ ተብሎ የተሠራው ስልክ ዋጋው 149 ዶላር ነበር። በ57 ብር ሲሰላ 8,500 ብር ገደማ ይሆናል፤ በ130 ብር ሲሰላ 19,000 ብር ያልፋል። ይሄ እንግዲህ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ነው። ስልክ በዶላር ለሚገዛ አገር፣ እጁ ላይ ያለውን ቀፎ ሁለት ሦስት ዓመት ማስረዘም የቁጠባ ጥያቄ ነው። ፖስትማርኬትኦኤስ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀመር ዓላማዬ ብሎ የተነሳው ይሄንኑ ነው፤ አንድ ስልክ አሥር ዓመት እንዲያገለግል።

እኔ የጫንኩት ኡቡንቱ ተች ነው። ታሪኩ ራሱ ትምህርት አለው። ካኖኒካል የሚባለው የኡቡንቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ኡቡንቱ ኤጅ የሚል ስልክ ለመሥራት ከሕዝብ 32 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ተነሳ። 12.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገብቶለት ሳይሳካ ቀረ። በ2017 ኩባንያው ስልኩን ጭራሽ ተወው። ሶፍትዌሩ ክፍት ስለነበር ግን አልሞተም፤ ዩቢፖርትስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አንስቶ እስከ ዛሬ ያሻሽለዋል። እኔም የማገኘው አዲስ ማሻሻያ ከእነሱ ነው። አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፤ ሁሉም ነገር ክፍት አይደለም። እንደኔ ያለ የአንድሮይድ ቀፎ ላይ ሲጫን የካሜራና የሞደም ሾፌሮቹ ከአምራቹ የመጡት ዝግ ሶፍትዌሮች ናቸው።

የስልክ ጥገና ቤት ያለው ልጅ ስክሪኑን አይቶ የጠየቀኝን አልረሳውም።

“ይሄ ስንተኛው አንድሮይድ ነው?”

“አንድሮይድ አይደለም።”

“አይፎን ነው እንዴ?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው ወንድሜ? ፍላሽ ላድርግልህ?”

የሚሠራውና የማይሠራው

ከሚሠራው እንጀምር። ጥሪ ይሠራል። ኤስኤምኤስ ይሠራል። ሆትስፖት፣ ብሉቱዝ፣ ባትሪ መብራት፣ ካሜራ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተመሠረተ ካርታ፣ ሁሉም አለ። ብራውዘሩ ዜናም ዩቲዩብም ይከፍታል። ለቴሌግራም ቴሌፖርትስ የሚባል አፕ አለ፤ መልእክትና ፎቶ ይልካል ይቀበላል፣ የቴሌግራም ጥሪ ግን አይሞከርም።

ጥሪው ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብዙዎቹ ሊኑክስ ስልኮች በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ አይችሉም፤ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳሉ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ እዚያ ያለ የሊኑክስ ስልክ ባለቤት መደወል ራሱ ፈተና ሆኖበታል። እኛ ጋ 2ጂም 3ጂም ሥራ ላይ ናቸው። “ኋላ ቀር” የምንለው ኔትወርክ ለዚህ ስልክ የበለጠ ይመቸዋል ማለት ነው። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደማይሠራው። ቲክቶክ አፑ የለም፤ በብራውዘር ይከፈታል፣ ግን ይጎትታል። ዋትሳፕ አፕ የለም። ዌይድሮይድ በሚባል መንገድ ሊኑክሱ ውስጥ ትንሽ አንድሮይድ ከፍቶ አንዳንድ አፖችን ማስገባት ይቻላል፤ ባትሪውን ግን ይበላዋል። ደግሞ ዋናው የሚያስፈልገው አፕ፣ የባንክ አፕ፣ እዚያም እሺ አይልም። እኔ የሞከርኩት የአንድ ባንክ አፕ ገና ሲከፈት “ይህ መሣሪያ አይደገፍም” ብሎ ተዘጋ።

ምክንያቱ ይገባኛል። ባንኮች አፑ የተከፈተበት ስልክ ያልተነካካ መሆኑን ከጉግል ያስጠይቃሉ፤ ጉግል “አውቀዋለሁ” ካላለ አፑ አይሠራም። ሌባ እንዳይገባ ነው። ችግሩ ጉግል የሚመሰክረው ስለሚያውቀው ስልክ ብቻ መሆኑ ነው። ለዓመታት የደህንነት ማሻሻያ ያልደረሰው አሮጌ አንድሮይድ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ ባለፈው ወር የተሻሻለው ሊኑክስ ግን ይወድቃል። ቀበሌ መታወቂያ ሲጠየቅ “የሚያውቅህ ሰው አምጣ” እንደሚባለው ነው፤ አንተ ደህና ሰው ብትሆንም ምስክርህ እሱ ብቻ ከሆነ በእጁ ነህ።

ሌላው የጎደለው አማርኛ ነው። ማንበቡ ችግር የለውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ጽሑፋችን ሊኑክስ ላይም አራት ማዕዘን ሳይሆን ፊደል ሆኖ ይታያል። መጻፉ ላይ ግን እኔ በጫንኩት ሥሪት የኪቦርድ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አልነበረም። ቻይንኛ አለ፣ ግሪክኛ አለ፣ ዕብራይስጥ አለ። እኔ ብራውዘር ላይ ጽፌ እየቀዳሁ እለጥፋለሁ፤ አሰልቺ ነው። ደግነቱ ይሄን ጉድለት ለመሙላት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የኪቦርዱ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። 33ቱን ፊደላት ከሰባት ሰባት ቅርጻቸው ጋር፣ በድምሩ 231፣ አደራድሮ የሚልክላቸው አንድ ትጉ ልጅ ነው የጎደለው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለጠፋባችሁ፣ ይኸው።

የሰፈሩ ሱቅና ቴሌብር

እንግዲህ ባንክ አፕ የማይከፍት ስልክ ይዤ እንዴት እከፍላለሁ?

ሰፈራችን ሱቅ ያላቸው እትዬ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስኳርና ሳሙና ገዝቼ “እትዬ፣ በቴሌብር ልላክልዎት?” አልኳቸው።

“ላክልኝ ልጄ፤ ግን ገባ ሲለኝ ነው ዕቃውን የምሰጥህ” አሉኝ እየሳቁ።

*127# ደወልኩ። ዝርዝሩ መጣ፣ ቁጥር መረጥኩ፣ የእሳቸውን ስልክ አስገባሁ፣ ብሩን ጻፍኩ፣ ሚስጥር ቁጥሬን መታሁ። የእሳቸው ስልክ ጮኸ። በቃ። አንድ ሳንቲም ኢንተርኔት አልተጠቀምንም፤ ጉግልም አልተጠየቀም።

ኮከብ፣ ቁጥር፣ መሰላል። ይሄ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዩኤስኤስዲ የሚባለው ዘዴ ነው። የሚጓዘው በዳታ መስመር ሳይሆን ኔትወርኩ ጥሪን ለማቀናጀት በሚጠቀምበት መስመር ነው፤ ስለዚህ 2ጂ ባለበት ሁሉ ይሠራል። አንድ መልእክቱ በላቲን ፊደል 182 ሆሄ ብቻ ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ 80 አካባቢ። ድሃ ቴክኖሎጂ ነው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ትንሽ ከቆያችሁ ይዘጋል። ግን አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ስልክህ የማን ሥሪት ነው ብሎ አይጠይቅም። የእትዬን ባለ ቁልፍ ስልክና የእኔን ሊኑክስ እኩል ያስተናግዳል።

ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ይገልጻል። ይሄን ያህል ሰው ሁሉ ስማርት ስልክ ስለያዘ አይደለም እዚህ የተደረሰው። አገልግሎቱ በአፕም በአጭር ቁጥርም ስለተሰጠ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም *889# አለው። አውሮፓ ያለ የሊኑክስ ስልክ ተጠቃሚ ባንኩ አፕ ብቻ ካለው ኪሱ ውስጥ ሁለተኛ ስልክ ይይዛል። እኔ ሞጣ ሆኜ አንድ ስልክ ይበቃኛል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይሄ ነው፤ ለድሃ ተብሎ የተከፈተው በር ለነፃነት ፈላጊውም በር ሆነ።

ማይክሮሶፍት ያልቻለው

ለምን ሊኑክስ ስልክ በዓለም ላይ አልተስፋፋም? ቴክኒኩ ስለሚከብድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማይክሮሶፍት ይሳካለት ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 የኖኪያን የስልክ ክፍል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛ ተስማማ፤ ዊንዶውስ ፎን ቆንጆ ነበር፣ ፈጣን ነበር፣ ግን ሞተ። ሞዚላም በዚያው ዓመት ፋየርፎክስ ኦኤስ የሚባል ርካሽ ስልክ ለታዳጊ አገሮች አቀረበ፤ ዋትሳፕ የሌለው ስልክ ማንም አልፈለገም።

ይሄን ኢኮኖሚስቶች የኔትወርክ ውጤት ይሉታል። ገዢ የሚመጣው አፕ ሲኖር ነው፤ አፕ ሠሪ የሚመጣው ገዢ ሲኖር ነው። ገበያ እንደማቋቋም ነው። ሻጭ የሌለበት ቀን ገዢ አይወጣም፣ ገዢ የሌለበት ቀን ሻጭ አይወጣም፤ አንዴ የሞላ ገበያ ደግሞ ማንም አያነቃንቀውም። ስለዚህ አንድ ግለሰብ “እኔ ነፃ ስልክ እጠቀማለሁ” ብሎ ብቻውን ቢወስን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ ነው። የሚያዋጣው አገልግሎቱ ራሱ በሩን ለሁሉም ሥሪት ከከፈተ ነው። አጭር ቁጥር እንደዚያ ያለ በር ነው። በብራውዘር የሚከፈት የባንክ ገጽም እንደዚያው።

ከሞጣ ወደ አባይ ስትወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሰው ከዚህ ማዶ ወደዚያ ማዶ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ ከተባለ ድርጅት ጋር ብረት ተዘረጋበት፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የእኔም ስልክ ከዚህ ማዶ ደህና ነው፣ ባንኩም ከዚያ ማዶ ደህና ነው፤ የተሰበረው መሐሉ ነው። ኮከብና መሰላል ገመዱ ነው። ገመድ ያደክማል፣ ግን ያሻግራል። ድልድይ ሳይሠራ ገመዱ ከተበጠሰ ነው ጉዱ።

ገመዱ እንዳይበጠስ

ስጋቴ እዚህ ላይ ነው። አዳዲሱ ነገር ሁሉ ዛሬ የሚሠራው አፕን አስቦ ነው። ሥዕሉ፣ ኪውአር ኮዱ፣ ሽልማቱ እዚያ ነው። የአጭር ቁጥሩ ዝርዝር በአንጻሩ ባለበት ይቆማል። ማንም “ዛሬ *127#ን ዘጋነው” አይልም፤ እንደማይነዳበት መንገድ ቀስ እያለ ሣር ያበቅላል እንጂ። ያኔ የሚወድቀው ሊኑክስ የያዘው አንድ ብሎገር ብቻ አይደለም። እትዬም ይወድቃሉ። ገጠር ያሉ አባታችሁም።

እኛ አካባቢ ደግሞ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳታ በሌለበት ቀን የስልክ ዓይነት ልዩነት ይጠፋል። የ60 ሺህ ብሩም ስልክ፣ የእኔም ሊኑክስ፣ የእትዬም ባለ ቁልፍ አንድ ይሆናሉ፤ ኔትወርክ ካለ የሚቀረው መደወል፣ ኤስኤምኤስና አጭር ቁጥር ነው።

አጭር ቁጥርን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ባለቤቱ ቴሌ ነው፣ የምታደርጉትን ኔትወርኩ ያያል፣ ጥበቃውም ከጥሩ አፕ ያንሳል። ሚስጥር ቁጥር ስትመቱ ሰው ከጀርባችሁ እንዳይቆም። ለረጅሙ ጊዜ የተሻለው መፍትሔ በማንኛውም ብራውዘር የሚከፈትና ማሻሻያ የደረሰውን ስልክ ሁሉ በእኩል ዓይን የሚያይ የባንክ ገጽ ነው። እሱ እስኪመጣ ግን አጭር ቁጥሩ ይቆይልን፤ አዲስ አገልግሎት ሲወጣም ለሁለቱም ይውጣ። ይሄን ለባንካችሁ በስልክ ማዕከሉም በቴሌግራም ቻናሉም ስር ጻፉ። ደንበኛ ያልጠየቀውን ማንም አይሰጥም።

ልሞክረው ለምትሉ

ዋና ስልካችሁ ላይ አትጀምሩ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ ቀፎ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ግን ሞዴሉ በዩቢፖርትስ ወይም በፖስትማርኬትኦኤስ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ። ገበያችንን የሞሉት አብዛኞቹ ቀፎዎች ዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም። ስትጭኑ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶና ስልክ ቁጥር ቀድማችሁ አውጡ። ላፕቶፕና የማይቆራረጥ መብራት ያስፈልጋል፣ ፋይሉም ከባድ ስለሆነ የማታ ፓኬጅ ግዙ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲም ካርዱን አስገብታችሁ ሦስት ነገር ብቻ ፈትኑ፦ ጥሪ፣ ኤስኤምኤስ፣ *127#። ሦስቱ ከሠሩ ሞጣም ቢቸናም ትኖሩበታላችሁ። ሥራችሁ በባንክ አፕ፣ በዋትሳፕ ጥሪ ወይም በቲክቶክ የሚተዳደር ከሆነ ግን እንደ ሁለተኛ ስልክ እንጂ እንደ ዋና አልመክርም።

ሊኑክስ የማይነካችሁ ሰዎችም ብትሆኑ አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ቀን አፑን ሳትከፍቱ በ*127# ወይም በ*889# ብቻ ክፈሉ። የቱ አገልግሎት እንደሠራ፣ የቱ “ይህን ለማግኘት አፑን ያውርዱ” እንዳላችሁ ልብ በሉ። አፑን አውርዱ ያላችሁ እያንዳንዱ አገልግሎት፣ እትዬ ሱቅ ላይ የተዘጋ በር ነው።